የጽጌ ጾምና ሁለተኛው እንክብል

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ስትናገር ግን አትቸኩልም። የደም ምርመራዬን ውጤት ጥቂት ካየችው በኋላ ቀና ብላ «ሜትፎርሚኑን በትክክል እየወሰዱ ነው?» አለችኝ።

«አንድም ቀን አላስተጓጎልኩም።»

«አምናለሁ። ግን ብቻውን አልቻለም። ሌላ እንክብል እንጨምርበታለን።»

ይህን የሰማሁት መስከረም አጋማሽ ላይ፣ የከተማችን ገበያ በሆነው አራዳ ውስጥ ባለ አንድ ክሊኒክ ነው። በመስኮቱ የባጃጅ ክላክስና የልብስ ሻጮች ጥሪ ይገባል። ስኳር እንዳለብኝ ካወቅሁ ዓመታት አልፈዋል። ሲነገረኝ አልደነገጥኩም፤ ሥራዬ ክፉ ወሬ ሰምቶ መጻፍ ስለሆነ የራሴንም ወሬ እንደ ሌላው ነው የተቀበልኩት። ስኳር አቆምኩ፣ እንጀራውን ቀነስኩ፣ ጠዋት ጠዋት ከሰፈሬ ከቁስቋም ቁልቁል እስከ ገበያው በእግሬ መውረድና መውጣት ጀመርኩ። እንዲህ አድርጌ በአንድ መድኃኒት እዘልቃለሁ ብዬ ነበር።

«ሁለተኛውም ካልቻለስ?» አልኳት።

«ሦስት ወር እንየው። ካልወረደ ወደ ኢንሱሊን መርፌ እንሄዳለን።»

መርፌ ስትል ሕመሙን አይደለም ያሰብኩት። ያሰብኩት ሥራዬን ነው። በዕድሜ ከእኔ በብዙ የሚያንሰው የዜና አዘጋጃችን ካለፈው ዓመት ጀምሮ በስልክ በተገናኘን ቁጥር «ጋሼ፣ አሁንስ ቢሮ ቢቀመጡ? ልጆቹን ቢያስተምሩልን?» ይለኛል። ክፋት የለበትም፤ ከልቡ ነው። እኔ ግን የማውቀው ሥራ ቢሮ ውስጥ የለም። መንገድ ሲከፈት ወደ ሰሜን ደጋው እወጣለሁ፤ ሲዘጋ እስኪከፈት እጠብቃለሁ። ገበሬ አነጋግራለሁ፣ የመሸበት አድራለሁ፣ የተገኘውን እበላለሁ። በእኔ ግምት በመርፌ የሚኖር ሰው መድኃኒቱ እንዳይበላሽበት ከፍሪጅ አይርቅም፤ ፍሪጅ ያለው ደግሞ ቢሮ ነው። ስለዚህ ሐኪሟ «መርፌ» ስትል እኔ «ቢሮ» ብዬ ሰማሁ። እውነት ይሁን አይሁን አልጠየቅኳትም። የሌላ ሰው ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ጥያቄ እደረድር ነበር።

አዲሱን መድኃኒት ግን በደንብ አስረዳችኝ። «ይኸኛው ከሜትፎርሚን ይለያል» አለች። «ቆሽትዎን ‹ኢንሱሊን አውጣ› እያለ ይገፋዋል። ሆድዎ ውስጥ ምግብ ይኑር አይኑር አያውቅም፤ ይገፋል። ስለዚህ ጠዋት ከቁርስ ጋር ነው የሚወስዱት። ላብ ካጠመቀዎት፣ እጅዎ ከተንቀጠቀጠ፣ ነገር ከተምታታብዎት ስኳርዎ ወርዷል ማለት ነው። ወዲያው ጣፋጭ ነገር ይውሰዱ፤ ከዚያ ምግብ ይብሉ።» የመድኃኒት ማዘዣውን ጽፋ ከመስጠቷ በፊት «ይጾማሉ?» አለችኝ።

«እንደ አቅሜ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀችና ወረቀቱን ሰጠችኝ።

ለማያውቅ ሰው ይህን መልስ ማስረዳት ይኖርብኛል። እኛ ዘንድ «ትጾማለህ?» ተብሎ «አዎ» የሚል ሰው የለም። ጾሙን የተናገረ ሰው ዋጋውን እዚሁ ተቀበለ ነው የሚባለው። ስለዚህ ሁሉም «እንደ አቅሜ» ይላል። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ከመተው በቀር ምንም የማያደርገውም እንደ አቅሜ ነው የሚለው፤ በሰሙነ ሕማማት ቀናት ሙሉ እህል የማይቀምሰውም እንደ አቅሜ ነው። በዚያ ሰሞን ከፊቴ የነበረው ጾም ደግሞ ጨርሶ የማይወራለት ነበር።

የጽጌ ጾም የእመቤታችን የስደቷ መታሰቢያ ነው። ከመስከረም መጨረሻ ይጀምርና በኅዳር መጀመሪያ በቁስቋም በዓል ይፈታል። የፈቃድ ጾም ነው፤ ያልጾመውን የሚጠይቀው የለም። ነገር ግን የእኛ ሰፈር ስሙንም በዓሉንም ያገኘው ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ነው። ቁስቋም ተወልዶ ያደገ ሰው ጽጌን «የፈቃድ ነው» ሲሉት ራሱን ይነቀንቃል እንጂ በልቡ አይቀበልም። እኔም ከጎልማሳነቴ ጀምሮ ከሰኞ እስከ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እህል ሳልቀምስ ነው የምውለው። ሜትፎርሚን ከጀመርኩ ወዲህም አልተውኩትም፤ አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም።

እንክብሉን ይዤ ቤት ስገባ ሚስቴ የተማሪዎቿን ደብተር እያረመች ነበር። የመጀመሪያ ደረጃ መምህርት ናት።

«ምን አለችህ?»

«ሌላ ኪኒን ጨመረችልኝ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይህን ሁሉ ዓመት በእኔ ላይ ሁለተኛ ሳትጨምር በኪኒንህ ላይ ጨመርክ?»

«አንቺ ብቻሽን ትበቂያለሽ።»

«እሷም እንደዚያ መስሏት ነበር፤ የመጀመሪያዋ ኪኒን» አለችና ማሸጊያውን ተቀብላ ጽሑፉን ማንበብ ጀመረች። እኔ ቀምቻት ኪሴ ከተትኩት።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁሉም ነገር ሠመረ። ጠዋት ቁርሴን በልቼ ሁለቱንም እውጣለሁ፤ በማግስቱ ከእንቅልፌ ስነሳ ጣቴን ወግቼ እለካለሁ። ቁጥሩ ከቀን ወደ ቀን ይወርዳል። እንደዚህ ያለ ደስታ በቁጥር አግኝቼ አላውቅም። ቢሮው ራቀ፣ ደጋው ቀረበ።

ከዚያ ጽጌ ገባ። ቁርሱ ቀረ፤ እንክብሉ አልቀረም። «ጠዋት» ተብያለሁና ጠዋት ማለዳ፣ በአንድ ጉንጭ ውሃ እውጣቸዋለሁ። ለመድኃኒት የተጎነጩት ውሃ ጾም እንደማይፈታ አውቃለሁ። ከቁርስ ጋር የተባለውን ረስቼው አይደለም። ከሜትፎርሚን ጋርም «ከምግብ ጋር» ተብዬ ነበር፤ በጾም ጊዜ ያለ ምግብ ስወስደው ምንም ሆኜ አላውቅም። ሁለተኛውም እንደ መጀመሪያው ነው ብዬ ደመደምኩ። ሐኪሟ እንደሚለይ በግልጽ ነግራኛለች፤ እኔ ግን የቀድሞ ልምዴን አመንኩ። ሰነፍ ብሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ሰነፍ ሰው አንዳንዱን ጠዋት ይረሳዋል።

ምልክቱም አልጠፋም ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ ስምንት ሰዓት አካባቢ፣ ድካም ይጥለኛል። አንድ ቀን የቤት ቁልፍ ጠፋ ብዬ ሚስቴ ላይ ጮኽኩባት፤ ቁልፉ እጄ ላይ ነበር። ዕድሜ ነው አልኩ። ቅዳሜና እሑድ፣ ቁርስ ስለሚበላ፣ ምንም አልሆንም፤ ዕረፍት ስላገኘሁ ነው አልኩ። የምለካው ጠዋት ብቻ ስለነበር መሣሪያው መልካም መልካሙን ነበር የሚነግረኝ። አንድ ምንጭ ብቻ ይዞ ዜና የሚጽፍ ጀማሪ እኔ ዘንድ ቢመጣ እመልሰው ነበር።

ጥቅምት ውስጥ፣ ሐሙስ ቀን፣ በስተሰሜን ወዳለው ገጠር፣ ወደ ድብ ባሕር ሄድኩ። ዝናቡ ቀደም ብሎ በማቆሙ ጤፉ ፍሬ ሳይዝ ይደርቃል የሚል ወሬ ስለነበር የገበሬውን ስሜት ለመስማት ነው። አብሮኝ የነበረው የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ነው፤ ጎበዝ፣ ወሬኛ፣ መንገዱን ዓይኑን ጨፍኖ የሚያውቅ ልጅ። ከማኪናው ወርደን ማሳ ለማሳ ጥቂት እንደሄድን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከጤፋቸው ዳር ቆመው አገኘን። ጤና ይስጥልን ተባብለን መቅረጸ ድምፁን አወጣሁ።

«አያ፣ ዝናቡ መቼ ነው የተወው?»

«የመስቀል ሰሞን» አሉ። «ሌላ ጊዜ ጥቅምትን ትንሽ ያካፋልን ነበር። ዘንድሮ ደመናውንም ይዞት ሄደ።»

ስለ ዘሩ፣ ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ ልጆቻቸው ጠየቅኳቸው። ይመልሳሉ፤ ድምፃቸው ግን ከሩቅ የሚመጣ መሰለኝ። ብርድ ነፋስ ነበር፤ እኔ ግን ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል።

«ዝናቡ መቼ ነው የተወው?» አልኩ።

«ምነው! አሁን አልነገርሁህም? የመስቀል ሰሞን።»

ሌላ ነገር ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ያው ጥያቄ ነው። ሽማግሌው ወደ ሾፌሩ ዞር አሉ።

«ይኸ ሰው ምን ሆኗል? መልሴ ካልጣመው ሌላ ገበሬ ይፈልግ እንጅ፤ ስንቴ ነው አንድ መስቀል የማወጣለት?»

ሾፌሩ ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን ተወው። «ጋሼ፣ ላብ በላብ ሆነዋል እኮ።»

«ፀሐዩ ነው።»

«የቱ ፀሐይ?»

እጄ ሲንቀጠቀጥ ያን ጊዜ አየሁት። ከድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ከቦርሳዬ መለኪያውን አወጣሁ። ጣቴን ለመውጋት ሁለት ጊዜ ሳትኩ፤ በስተመጨረሻ ሾፌሩ ያዘልኝ። ሁለቱም አጎንብሰው ሲያዩ ቁጥሩ ወጣ።

«ሃምሳ ሁለት» አልኩ።

«ሸጋ ነው ክፉ?» አሉ ሽማግሌው።

«ክፉ ነው። ጣፋጭ ነገር ያስፈልገኛል።»

ቤታቸው ቅርብ ነበር። ተጣሩ፤ ሚስታቸው ማር በውሃ በጥብጠው በዋንጫ ይዘው መጡ፤ ገና ያልፈላ፣ የዚያኑ ዕለት ብርዝ። ዋንጫውን ተቀበልኩ። ወደ አፌ ግን አላስጠጋሁትም።

«ስንት ሰዓት ነው?» አልኩ።

«ስምንት ተኩል» አለ ሾፌሩ። «ምን ያደርግልዎታል?»

«ግማሽ ሰዓት ነው የቀረው።»

«ለምኑ?»

ያን ሰዓት በጭንቅላቴ ውስጥ የነበረውን ዛሬ ሳስበው ይደንቀኛል። ቁጥሩን አይቻለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ መድኃኒቱ እጄ ላይ ነው። ግን ግማሽ ሰዓት ታግሼ ቀኑን ልሙላ የሚል ሐሳብ ከሁሉ በላይ ትክክል ሆኖ ታይቶኛል። ስኳር ሲወርድ አእምሮ እንደዚህ ነው፤ የያዛትን አንዲት ሐሳብ አይለቅም።

ሽማግሌው ግን ገባቸው። ከጎኔ ቁጢጥ አሉና «ጦመኛ ነህ?» አሉኝ።

«እንደ አቅሜ።»

«አቅምህንማ አየነው!» አሉ። «አሁን ያለህ አቅም ይችን ዋንጫ ለማንሳት ይበቃል፤ አንሳት።»

«አያ፣ ትንሽ ነው የቀረው...»

«ስማ፤ ይኸ የስደቷ ጦም ነው። ስደተኛ ከደጅህ ሲደርስ ውኃ ትሰጠዋለህ እንጅ ሰዓት ትነግረዋለህ? እመቤታችን ማሳዬ ላይ የሚዘረጋብኝ ሬሳ አልላከችብኝም። ጠጣ ብዬሃለሁ!»

ሾፌሩ ጨመረበት፦ «ጋሼ፣ ካልጠጡ እኔ ነኝ ተሸክሜ የማወርድዎት። ክብደትዎን ያውቁታል።»

ጠጣሁት። ጥቂት ቆይቶ ነፋሱ በረደኝ፤ የጤፉ ቀለም ተመለሰ፤ የሽማግሌው ድምፅ ከሩቅ መምጣቱን ተወ። ሴትዮዋ እንጀራ በሽሮ ይዘው መጡና እፊታቸው በላሁ። ሽማግሌው ከጎኔ ተቀምጠው ሲያዩኝ «እርስዎስ አያ?» አልኳቸው።

«እኔማ መድኃኒት አልዋጥሁ» አሉ። «ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን አንተን ሳይ እቆያለሁ። ብላ፤ ስትበላ ከጥያቄህ ይሻላል።»

ስንመለስ ሾፌሩ ቀስ ብሎ ነዳ፤ ከእሱ የማይጠበቅ ነው። ከተማው ሲታየን «ይህን ነገር እኔ ለማንም አልናገርም» አለ። ስለ አዘጋጃችን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። ማሳ መሐል የተዝለፈለፈ ዘጋቢ ወደ ቢሮ እንዲገባ ሦስት ወር መጠበቅ አያስፈልግም። አመሰገንኩት፤ ቃል ግን አላስገባሁትም።

ማታ ከእራት በፊት ዘገባውን ለመጻፍ ቅጂውን ከፈትኩ። ሚስቴ ድንች እየላጠች ትሰማለች። የእኔ ድምፅ ይጠይቃል፤ ሽማግሌው ይመልሳሉ፤ የእኔ ድምፅ እንደገና ያንኑ ይጠይቃል። ድምፁ የእኔ መሆኑን ባላውቅ ሰካራም ነው እል ነበር። ሚስቴ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«አጥፋው» አለች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ «ለሐኪሟ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትበላ እንደምትውል ነግረሃታል?»

«ጠይቃኝ ነበር።»

«እሱን አልጠየቅሁህም። ነግረሃታል ወይ?»

«አልነገርኳትም።»

«ነገ ትሄዳለህ» አለችና ድንቿን አነሳች።

ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሰዓቱን፣ ቁጥሩን፣ ጥያቄውን መደጋገሜን። ሐኪሟ ሰምታ ስትጨርስ «ጠይቄዎት ነበር እኮ» አለች።

«ጠይቀሽኛል።»

«‹እንደ አቅሜ› አሉኝ።»

«ብያለሁ።»

ትበሳጫለች ብዬ ነበር፤ ሳቀች። «እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። አባቴን ቢጠይቁት አይቀይርም፣ እንዲሁ ነው የሚመልሰው። ‹እንደ አቅሜ› ሲሉኝ ረቡዕና ዓርብ ሽሮ የሚበሉ ሰው መስለውኝ አለፍኩ። ከእንግዲህ ማንንም ‹ይጾማሉ?› ብዬ አልጠይቅም። ‹የመጀመሪያውን ጉርሻ የሚጎርሱት ስንት ሰዓት ነው?› ነው የምለው።»

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አልኳት። ከልቤ ነው፤ በእኛ ሥራ ውስጥ ቢሆን ደመወዝ የሚያስጨምር ጥያቄ ነው።

እንክብሉን በግማሽ ቀነሰችው። ስኳርን ከልክ በታች የማይጥል ሌላ ዓይነት መድኃኒት እንዳለ፣ ነገር ግን ውድ እንደሆነና አንዳንዴም ከከተማው እንደሚጠፋ ነገረችኝ። «በዚህኛው እስከቆዩ ድረስ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንዎት። ይህን ኪኒን ያለ ምግብ አይዋጡ። ጠዋት መብላት አለብዎት። የጾም ምግብ ይሁን፣ ግድ የለኝም፤ ግን ይብሉ። ካስቸገረዎት የንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ። እኔ የጾም ሰዓት ልፈታልዎት አልችልም።»

የንስሐ አባቴን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ከጥንቱ ቤተ መንግሥት ግንብ ፍራሽ ጥግ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። መስቀል ተሳልሜ ነገሩን ዘረዘርኩላቸው። ሰው ሲናገር ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሰሙት፤ የተኙ ይመስላል።

«ሐኪሟ ምን አለች?» አሉ።

«ጠዋት ብላ አለችኝ አባ።»

«ታዲያ እኔ ዘንድ ምን ልትሠራ መጣህ? አትብላ እንድልህ?»

«በዓሉን እንዲሁ በልቼ ላከብረው ከበደኝ።»

ዓይናቸውን ገለጡ። «ማን አትጹም አለህ? ሥጋውን፣ ወተቱን ተወው። ሰዓቱን ለጤነኛ ልቀቅለት፤ ያንተ ሰዓት መድኃኒትህ የሚዋጥበት ነው። ጾም ሰውን ለማቆም እንጅ ለመጣል አልተሠራም።» ትንሽ አሰቡና ጨመሩ፦ «እንዲህም ሆኖ ካነሰብህ ሌላ ልስጥህ። እስከ በዓሉ ድረስ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ሰው አትማ።»

«አባ፣ እኔ ጋዜጠኛ ነኝ።»

«እሱን ስለማውቅ ነው።»

እውነቱን ልናገር፤ ከእህሉ ይልቅ ይኼኛው ነው የከበደኝ። ጠዋት ጠዋት የሥራ ባልደረቦቼ ይደውላሉ። የሥራ ወሬ ከተጨዋወትን በኋላ «እሱን ሰውዬ ሰማህ?» የሚለው ይመጣል። «ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ደውል» እላለሁ። አንደኛው የመድኃኒት ሰዓት መስሎት «አይዞህ፣ ይሻልሃል» አለኝ። ሚስቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ጠዋት ሽሮዬን ስበላ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሩን እዘጋ ነበር፤ ጎረቤት እንዳያየኝ። ኋላ ተውኩት። ስለ መጾሜ ያልተናገርኩትን ያህል ስለ አለመጾሜም ዝም ማለት እንደምችል ተረዳሁ።

ለአዘጋጃችንም ራሴ ደወልኩለት። ሾፌሩ ዝም እንዲል ማድረግ እችል ነበር፤ ግን በእኔ ምክንያት ዋሽቶ እንዲኖር አልፈለግኩም። ድብ ባሕር ላይ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት።

«ጋሼ፣ እንግዲህ ይኸው...» ሲል አቋረጥኩት።

«ሦስት ወሩ ይሙላ። ስኳሩ ካልወረደ ወይም እንደዚያ ቀን ዳግመኛ ከሆንኩ ያልከው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ከወረደ ወንበሩን ለሌላ ትሰጣለህ።»

«እስከዚያስ?»

«ውዬ እመለሳለሁ። አላድርም። ብቻዬንም አልሄድም።»

ተስማማ። እንደዚያም አደረግኩ። ከመውጣቴ በፊት እበላለሁ፣ በመንገድ ላይ እለካለሁ፣ ከሰዓት በኋላም እለካለሁ። ሾፌሩ ማኪናውን ከማስነሳቱ በፊት «ጋሼ፣ በልተዋል?» የሚል ጠያቂ ሆነ፤ «እንደ አቅሜ» ስለው «በልተዋል ወይስ አልበሉም ነው ያልኩት» ይላል። ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ድካም ጠፋ። ቁልፍም አልጠፋብኝም። የጠዋቱ ቁጥር ግን ግማሹን እንክብል ይዞ እንደ መጀመሪያው ሳምንት አልፈጠነም፤ አንድ ቀን ወረድ፣ ሌላ ቀን ከፍ። ስለዚህ ሦስት ወሩ ሲሞላ የሚወጣውን አላውቅም ነበር። የቁስቋም ዕለት በነጭ ልብስ በተሞላው ደጀ ሰላም ቆሜ የለመንኩት አንድ ነገር ቢኖር መንገዱ እንዳይዘጋብኝ ነው። የቱን መንገድ እንዳልኩ አልዘረዘርኩም።

ታኅሣሥ ላይ ወደ ክሊኒኩ ተመለስኩ። ደሜን ሰጥቼ ውጭ አግዳሚው ላይ ስጠብቅ ሰዓቴን አላየሁም፤ ሰዎች አየሁ። ከሁለት ሰዓታት በኋላ ተጠራሁ። ሐኪሟ ወረቀቱን ወደ እኔ አዙራ በእስክሪብቶዋ አሳየችኝ።

«ወርዷል» አለች። «እኔ ከምፈልገው ትንሽ ከፍ ይላል፤ ካለፈው ግን በጣም ወርዷል። በዚሁ ይቀጥሉ። መርፌው ይቆየን።»

«ይቆየን ማለት ይመጣል ማለት ነው?»

«ሊመጣ ይችላል። ይህ በሽታ ዕድሜ በሄደ ቁጥር ቆሽትን እያደከመ ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ጭራሽ ላይመጣም ይችላል።»

ያን ጊዜ መስከረም ላይ ልጠይቃት የሚገባኝን ጠየቅኳት። ፍሪጅ የሌለበት አገር የሚያድር ሰው መርፌውን ምን ያደርገዋል? ገጠር ያለ ሰውስ? የሚበላበት ሰዓት የማይታወቅ ሰውስ? ወንበሯን ሳብ አድርጋ መለሰችልኝ።

«አንዴ የተከፈተው ብልቃጥ ሙቀት ካልበዛበት አንድ ወር ገደማ ያለ ፍሪጅ ይቆያል። ደጋው ደግሞ ራሱ ፍሪጅ ነው። በቆላ በኩል ያሉት ከውኃ እንስራቸው ሥር ያስቀምጡታል። ራሳቸውን እየወጉ የሚያርሱ ታካሚዎች አሉኝ፤ ጭነት ይዘው ከተማ ለከተማ የሚዞሩም አሉኝ። የምግብ ሰዓትዎን ማወቅ ያስፈልጋል እንጂ ቤት መቀመጥ አያስፈልግም።» ከዚያ ትክ ብላ አየችኝና «ይህን ሁሉ ጊዜ የፈሩት እሱን ነበር?» አለች።

«እሱን ነበር።»

«ለምን አልጠየቁኝም?»

ወረቀቱን አጥፌ ያዝኩና አመሰገንኳት።

ከደረጃው ወርጄ አራዳ መሐል ቆሜ ደወልኩ። አዘጋጃችን ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም «እንዴት ሆነ?» አለ።

«ወርዷል።»

«በስንት?»

ቁጥሩን ነገርኩት። አሳምሬ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ቁጥር ሳይሰማ አያምንም።

«ድብ ባሕር ጤፍ ማጨድ ጀምረዋል አሉ» አለ ቀጥሎ። «ያን የዝናብ ዘገባ እንጨርሰው? ከዚያ ወዲያ ያለውን መንደርም ካዩ አንድ ሁለት ሌሊት ማደር ሳይኖርብዎት አይቀርም።»

«አድራለሁ።»

«ሰኞ ይመችዎታል?»

ሰኞ ጠዋት ሾፌሩ ከበር ላይ ክላክስ ሲያደርግ እኔ ገበታ ላይ ነበርኩ። ሚስቴ በመስኮት አየችና «መጥቷል፤ ተነሳ» አለች።

«ይጠብቅ» አልኳት።

እሷ ግን ወጥታ ጠራችው። ሞተሩን አጥፍቶ ገባ፤ እጁን ታጥቦ ከጎኔ ተቀመጠና እንደ ቤቱ ሰው መጉረስ ጀመረ። «ጋሼ፣ ዛሬ የሚጠይቁትን አንዴ ብቻ ይጠይቁ፤ ሽማግሌው ዱላ ይዘዋል» አለ። እንክብሎቹን ከሁለተኛው ጉርሻ በኋላ ዋጥኳቸው። ከቁስቋም ስንወጣ ፀሐይዋ ከፍ ብላ ነበር፤ ረፈደብን ያለ ግን አልነበረም።